የጥርስ አግዳሚ

ቆቦ ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛ የለም። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም፤ መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘሊካ እባላለሁ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰውን ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ሕመም መመዝገብ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ዓመት በመዝገቤ ላይ ወደ ሰባት ቁጥር፣ ማለትም ወደ አእምሮ ሕክምናው ክፍል፣ የገባው ሰው ሦስት ብቻ ነው። ከሦስቱም አንዱ መጸዳጃ ቤት ፈልጎ በር የተሳሳተ መንገደኛ ነበር። በዚያው ዓመት ጥርሱን ታሞ የመጣው ግን አራት መቶ ስድሳ ሁለት ሰው ነው። የጥርስ ሐኪም የለንም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ድሮ አንድ የጥርስ ባለሙያ በወር አንድ ቀን ይመጣልን ነበር። ሰውየው ከቀረ ቆየ፤ «ጥርስ» የሚለው ሰሌዳና ከሥሩ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ግን የሚያነሣቸው ጠፍቶ እዚያው ቀሩ። አግዳሚው ያለው ወደ ሰባት ቁጥር የጓሮ በር በሚያሳልፈው መተላለፊያ አፍ ላይ ነው። ሰባት ቁጥር ሁለት በር አለው። የፊቱን በር ግቢው ሁሉ ያየዋል፤ የጓሮው በር ግን ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ስለሆነ ማንም አያየውም። ሰው በየትኛው መግባት እንደሚወድ መገመት አያቅታችሁም።

አማኑኤል የሚባለው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወደ እኛ ሲመደብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ዝንብ እሽ ሲል ነው የከረመው። አንድም ሰው አልገባለትም። የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውንም ውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሕመምተኛው ታናሽ ወንድሜ ዒምራን ነበር። በመዝገቡ ላይ «ጥርስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊቱን በሻሽ ሸፋፍኜ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት፤ ግቢው ጭር ሲል በጓሮ አሳለፍኩት። ሰው እንዴት እንዳወቀ እንጃ፤ በሳምንቱ አንዲት ሴት መስኮቴ ላይ ተደፍታ «ዘሊካዬ፣ እኔንም ጥርስ በይኝማ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከጎብዬም ከዋጃም ጉንጩን የያዘ ሰው ይጎርፍ ጀመር።

ዒምራን ሮቢት አጠገብ የመስኖ ጉድጓድ ሞተር ይቆጣጠር ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። መጀመሪያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድምፁ አልጠፋለት አለ። ቀጥሎ ድምፁ በስሙ ይጠራው ጀመር፤ ቆይቶ ደግሞ ያዝዘው ጀመር። አንድ ቀን «ውኃው ውስጥ መርዝ ጨምረዋል» ብሎ የሰውን የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣውን ቧንቧ በመጥረቢያ ሰባበረው። የዚያን ዕለት ከአጎቴ ጋር መከርንና ሮቢት አጎቴ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል አሰርነው። ሰንሰለቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሻጩ «ለበሬ ነው ለላም?» ቢለኝ «ለበሬ» አልኩት።

ስምንት ወር። ለሰው ደግሞ «ዒምራን ሳውዲ ሄደ» አልን። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ የማያስነሣ ውሸት ነው፤ ሳውዲ ያልሄደ ልጅ ነው የሚያስገርመው። ሰው «ደረሰ ወይ? ሥራ ያዘ ወይ?» ይለኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ፣ ጂዳ ገብቷል» እላለሁ። በየሳምንቱ ሮቢት እየሄድኩ የእግሩን ቁስል እያጠብኩ፣ ቆቦ ተመልሼ ስለ ጂዳ ሙቀት አወራለሁ። ለዚህ አላህ ምን ዓይነት ልብ እንደሰጠኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሮቢት እየመጡ ቁርአን ሲቀሩበት የነበሩት ሼህ ናቸው ያወጡን። አንድ ቀን ሰንሰለቱን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ዱዓው አይቅር፤ ሐኪሙም አይቅር። እሱ ግን ዛሬውኑ ይፈታ» አሉን። አማኑኤል በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ ጀመረለት። በሦስተኛው ወር ዒምራን «እቴ፣ ሞተሩ ዝም አለ» አለኝ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ዳነ ብዬ አላረፍኩም፤ አሁን ደግሞ ከሳውዲ መመለስ ነበረበት። ከሳውዲ ባዶ እጅ አይመጣም። ዋጃ ገበያ ወርጄ ከአንድ የአፋር ነጋዴ የአሳይታ ቴምር ገዛሁና በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልዬ «የመዲና ነው» እያልኩ ለጎረቤት አደልኩ። ሐጂ በድረዲን፣ የማሽላና የጤፍ ነጋዴው፣ የሰፈራችን እድር፣ የቅሬው ዳኛ፣ አንዷን ፍሬ ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነና «ወላሂ፣ ይኼ ነው የመዲና ቴምር! መካ ስሄድ የበላሁት ይኼንኑ ነው» ብሎ በሰው ፊት ማለ። ዒምራን አንገቱን ደፋ።

ሐጂ በድረዲንን በስሙ የጠራሁት ራሱ ስለፈቀደልኝ ነው፤ የፈቀደበትን ምክንያት መጨረሻ ላይ ትሰማላችሁ። ልጁ ኡበይድ ልጄን ሱዓድን ወደዳትና ሐጂ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቤቴ ተቀምጠው፣ ሐጂም አብሯቸው ተቀምጦ፣ «ዘራችሁን አጣርተናል። ቡዳ የለባችሁ፣ ዕብድ የለባችሁ፣ ማሻአላህ ንጹሕ ናችሁ» አሉን። እኔም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ» አለ። በሦስተኛው ቀን ሐጂ መስኮቴ ላይ መጥቶ ግራ ቀኝ አየና «ጥርስ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲል እንደኖረው። ከጦርነቱ ወዲህ ሰውየው ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው፤ ተኩስ የሰማ እየመሰለው ከአልጋው ይዘላል። አማኑኤል በሚሰጠው ክኒን ነው የሚያንቀላፋ። እኔ የሱን አውቃለሁ። እሱ የእኛን አያውቅም፤ ዒምራን ለእሱ የጂዳ ልጅ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ለሱዓድ ኒካህ አምስት ሳምንት ሲቀር ነው። አማኑኤል ወረቀቱን ይዞ መስኮቴ ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። «ከበጀት እጥረት አንጻር የተገልጋይ ቁጥራቸው ዝቅተኛ የሆኑ ክፍሎችን ማጠፍ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ በምዘናው ዕለት በሰባት ቁጥር ክፍል በር ላይ ቢያንስ ሃያ ታካሚ በአካል ካልታየ ክፍሉ የሚታጠፍ፣ ባለሙያውም የሚዛወር፣ የመድኃኒት አቅርቦቱም የሚቋረጥ መሆኑን እንገልጻለን።»

«መዝገቡን አይተው ነው» አለኝ። «ሦስት ሰው ይላል።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ‹ሰው ይዳን እንጂ መዝገቡ ምን ያደርጋል› ያልከኝ?»

«ብያለሁ። ሁለታችንም ነን ያጠፋነው፣ እት ዘሊካ። አሁን ሃያ ሰው አምጪልኝ። በፊት በር።»

አናደደኝ፤ እውነቱን ስለሆነ ነው ያናደደኝ። ባለፈው ክረምት መንገድ ተዘግቶ መርፌው ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነበር። በአሥረኛው ቀን ዒምራን ምሳ እየበላ ማንኪያውን አስቀመጠና «እቴ፣ ሞተሩን አጥፉልኝ» አለኝ። ቤታችን አጠገብ ሞተር የለም። ሰንሰለቱ ደግሞ በጆንያ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር አለ። ሰባት ቁጥር ከታጠፈ ያ ጆንያ እንደሚፈታ አውቅ ነበር።

ሰው ልለምን ተነሣሁ። የማንንም ስም ለማንም ሳላነሣ፣ ለቀጠሮ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ለብቻው አናገርኩ። አንዱ መምህር «እኔ እኮ እንዲያው ጭንቀት ቢጤ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ሕመምተኞች ይምጡ እንጂ» አለኝ። አንዷ ባለሱቅ «እኔማ ልቤን ነው የሚያስጨንቀኝ፤ ዕብዶቹ ክፍላቸው ሲዘጋ ዝም ማለታቸው ግን ያሳዝናል» አለችኝ። አንዱ ገበሬ ደግሞ «ኧረ አብሽሪ፣ ሰው አይጠፋም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሃያ ዘጠኝ ሰው አናገርኩ፤ ሃያ ዘጠኙም ክፍሉ እንዳይዘጋ አጥብቀው ይፈልጋሉ፤ ሃያ ዘጠኙም ሌላው እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ሐጂ በድረዲን ደግሞ ከሁሉ ባሰ።

«አደራ ዘሊካ፣ ያቺ ክፍል እንዳትዘጋ» አለኝ።

«እርስዎስ ይመጣሉ፣ ሐጂ?»

«እንዴታ! በጠዋት ነዋ የምመጣው።»

እኔስ? በሰው ፈረድኩ እንጂ ከነሱ በምን እሻላለሁ? የምዘናው ዋዜማ ዒምራንን «ነገ ጥርስ አግዳሚ ላይ ተቀመጥ» አልኩት።

ወንድሜ ትኩር ብሎ አየኝ። «ሃያ ሰው ስትለምኚ ከርመሽ፣ እኔን ጥርስ ትይኛለሽ?»

«የሱዓድ ኒካህ እስኪያልፍ ነው። ሐጂ ካወቀ ነገሩ ያበቃል።»

ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ጎበዝ ነኝ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። አማኑኤል ተስፋ ስላልቆረጠ ሰባት ቁጥር ፊት ለፊት አዲስ አግዳሚ አሠርቶ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶታል፤ ቀለሙ ግን በደንብ አልደረቀም። መዛኙ አቶ ደሳለኝ በጠዋት ደረሱ። ጸጉራቸውን በደንብ ያበጠሩ፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ ማንንም አልተቆጡም። ወንበር አስመጥተው በፊቱ በር አጠገብ ተቀመጡና ፎርማቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ።

ሰው መምጣት ጀመረ። መጣ፣ መጣ፣ ጎረፈ። ሁሉም ግን በደሳለኝና በሰማያዊው አግዳሚ ፊት ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ጥርስ ሰሌዳው ሥር ሄዶ ጉንጩን ይዞ ቁጭ አለ። መምህሩ መጣ፤ ባለሱቋ መጣች፤ «አብሽሪ» ያለኝ ገበሬም መጣ። ሐጂ በድረዲን ቃሉን ጠብቆ ማልዶ መጥቷል፤ ሻሹን ከአገጩ እስከ አናቱ ጠምጥሞ፣ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ እየታየ፣ መሐል ላይ ተሰየመ። አግዳሚው ሞልቶ መሬት የተቀመጡም ነበሩ። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሰማያዊው አግዳሚ ላይ አንድ ዝንብ ተጣብቃ ቀርታለች።

አቶ ደሳለኝ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይገርማል» አሉኝ። «የውኃችሁ ነገር ነው መሰለኝ። ይህን ያህል ሕዝብ በጥርስ ሲሰቃይ ማንም አላመለከተም?»

«ይገርማል» አልኩ እኔም።

«እዚህ ግን» ብለው ወደ ሰባት ቁጥር አሳዩኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ሕዝብ ነው።»

አማኑኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ጥርስ አግዳሚው ያያል፤ ያየው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። የሠላሳ አንዱን የእያንዳንዱን ሕመም ጠንቅቆ የሚያውቅ እሱ ነው፤ መናገር የማይችልም እሱ ነው። በዚያን ሰዓት አሳዘነኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚወቀስ ደግሞ አላገኘሁም።

ረፋዱ ላይ ዒምራን በበሩ ገባ። የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ እጁ ግሪስ አለበት። መተላለፊያው ላይ ቆመና ሁለቱን አግዳሚዎች አየ። እኔ ከመስኮቴ በዓይኔ ወደ ጥርስ ጠቀስኩት። አላየኝም ብል ይሻለኛል፤ ግን አየኝ። ሄደና ሰማያዊው አግዳሚ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ቁጭ አለ።

አቶ ደሳለኝ ብዕራቸውን አነሡ። «ለምን መጣህ ወንድሜ? ጥርስ እዚያ ነው።»

«መርፌዬን ልወጋ ነው። ጥርሴ ደኅና ነው።»

«ምንህን ታመህ?»

«አእምሮዬን» አለ ዒምራን፤ የሰው ስም የጠራ ያህል ቀለል አድርጎ። «ድምፅ እሰማ ነበር። ሮቢት ስምንት ወር በሰንሰለት ታስሬ ነበር። እዚህ መርፌ ጀመርኩና ዳንኩ። አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ።»

ከጥርስ አግዳሚው ላይ አንድ ድምፅ፣ በሻሽ የታፈነ ድምፅ፣ «ሳውዲ አልነበርክም እንዴ?» አለ።

«ሮቢት ነበርኩ፣ ሐጂ» አለ ወንድሜ። «ቴምሩም የአሳይታ ነው። ይቅርታ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። የሱዓድን ፊት አሰብኩ፤ የሽማግሌዎቹን «ንጹሕ ናችሁ» አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ዒምራንን አየሁት። ሠላሳ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ እሱ ብቻውን ያን የሚያህል አግዳሚ ላይ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሮቢት እንደዚሁ ብቻውን ነበር የተውኩት። እግሬ ራሱ አስነሣኝ፤ ካርድ ክፍሉን ክፍት ጥዬ ሄድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ቀለም ሲነካ ተሰማኝ።

«እርስዎም ታካሚ ነዎት?» አሉኝ አቶ ደሳለኝ።

«እህቱ ነኝ። አስታማሚ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ አስታማሚ አይቆጠርም» አሉና «1» ብለው ጻፉ።

«እንግዲያው ሌላ ነገር ይቁጠሩልኝ» አልኩ። «መዝገቡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዚህን ልጅ ሕመም አርባ ስድስት ጊዜ ‹ጥርስ› ብዬ ጽፌያለሁ። የሌላውን ሰው ሰውየው ራሱ ይናገር፤ እኔ አልናገርም። የእኔን ግን ይኸው ተናገርኩ።»

አቶ ደሳለኝ ይህ ጥፋት መሆኑን በትሕትና ነገሩኝና እሱንም ጻፉት። ያን ጊዜ ከጥርስ አግዳሚው ላይ እማማ ጌጤ ብድግ አሉ። እማማ ጌጤ ከደጋው የሚመጡ፣ ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ዓመት የቀበሩ እናት ናቸው። በትራቸውን እየተመረኮዙ ግቢውን አቋረጡ።

«እኔ ልጄ» አሉ ደሳለኝን፤ «አፌ ውስጥ ጥርስ ካለቀ አሥር ዓመቱ። እዚያ ስቀመጥ ማንም ‹የቱ ነው ያመመሽ› ብሎ አልጠየቀኝም።» አፋቸውን ከፈቱና አሳዩአቸው። «እኔን ያመመኝ ኀዘን ነው። ኀዘኑ ከአልጋ አላነሣኝ ሲል ይኼ ነርሱ ልጅ ነው ያነሣኝ። ቁጠረኝ።»

ተቆጠሩ። ከሳቸው በኋላ ባለሱቋ መጣች፤ እያለቀሰች ነው የመጣችው። ገበሬውም መጣ፤ ሌሎችም አራት። መምህሩ እስከ ግማሽ መንገድ መጥቶ ቀለሙን አየና «ሱሪዬ አዲስ ነው» ብሎ ተመለሰ። ሐጂ በድረዲን ተነሣ። ሻሹን አጥብቆ፣ ወደ ማንም ሳያይ፣ በግቢው በር ወጥቶ ሄደ።

አቶ ደሳለኝ እስከ ቀትር ጠበቁ፤ ፊርማቸውን አኖሩና ፎርሙን አሳዩኝ፦ «8»። ሃያ ለመሙላት የጎደሉት አሥራ ሁለት ሰዎች ከነትርፋቸው ጥርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በኀዘን ያዩን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ በድረዲን ቤቴ መጣ። ሻሹን አልጠመጠመም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የሳውዲው ነገር ውሸት ነው?» አለ።

«ውሸት ነው፣ ሐጂ።»

«ቴምሩስ?»

«የአሳይታ ነው። ከዋጃ ገበያ ነው የገዛሁት።»

ከሁሉም ያ የከነከነው መሰለኝ። «እኔ እኮ በሰው ፊት ምዬበታለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን አጠንክሮ፣ «ይኼን ደብቃችሁ ልጃችሁን ልትድሩ ነበር። ወገን ምን ይለኛል?»

«ጥርስዎስ እንዴት አደረ?» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በሐቅ የሠራሁት አንድ ነገር ቢኖር የሰውን ምስጢር አለማውጣት ነው፤ እሱንማ በንዴት አልጥለውም። «እውነትዎን ነው፤ መንገር ነበረብን። የፈለጉትን ይወስኑ» አልኩ። «ወንድሜን ግን ከእንግዲህ አልደብቀውም።»

ተነሣና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ኮቱ ከወገቡ በታች፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰማያዊ ነው።

«ሐጂ፣ ኮትዎን ቀለም ነክቶታል።»

«አውቃለሁ» አለ ሳይዞር።

«መቼ ተቀመጡ?»

«ሰውየው ከሄደ በኋላ ተመለስኩ።»

«ከሄደ በኋላማ አይቆጠርም፣ ሐጂ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ» ብሎ ወጣ። ስለ ኒካሁ ምንም አላለም።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሰባት ቁጥር ታጠፈ። አማኑኤል ወደ ወልዲያ ተዛወረ። ለእኔ መዝገብ አዛብተሻል የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ ያንኑ የተዛባ መዝገብ መሠረት በማድረግ፣ «ኅብረተሰቡ በጥርስ ሕመም ክፉኛ እየተሰቃየ መሆኑን በአካል ተገኝተን በማረጋገጣችን» አንድ ዘመናዊ የጥርስ ሕክምና ወንበር መላኩን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ወንበሩ መጣ። ወደ ኋላ ይተኛል፣ ወደ ላይ ይነሣል፣ መብራት አለው። ሰባት ቁጥር ውስጥ አስገቡት። ሐኪም አልተላከም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ምሳ ሰዓት ላይ ጋደም ትልበታለች።

ለኒካሁ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሐጂ ቤትም አንድ ቃል ሳይመጣ፣ የዒምራን መርፌ ቀን ደረሰ። ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ እማማ ጌጤ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ባለሱቋ መጣች፤ ገበሬው መጣ። ከዚያ ያላሰብኳቸው ተከታተሉ፤ አንዱ ወልዲያ ዘመድ ሊጠይቅ ነው፣ አንዷ ጨርቅ ልትገዛ ነው፣ መምህሩ ደግሞ ስብሰባ አለበት። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ሐጂ በድረዲን መጣና ከፊት ተቀመጠ። ሻሹ ጉንጩ ላይ ተመልሷል። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየንና «ምንድን ናችሁ? ለቅሶ ነው ሠርግ?» አለ።

ሮቢት ስንደርስ ዒምራን በመስኮቱ ወደ አጎቴ ቤት አመለከተ። «ሐጂ» አለ፤ «ጂዳ ይኸውልዎት።»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ጌጤ ናቸው። ከዚያ መምህሩ፣ ከዚያ ሚኒባሱ ሁሉ። የሐጂ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁ፤ መሳቅ ይሁን ማልቀስ አልለየሁትም። እስከ ጎብዬ ድረስ ሰው ስለ ክኒኑ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ልጁ ሲያወራ ሄደ። የጨርቁም የዘመዱም የስብሰባውም ነገር ተረሳ።

ወልዲያ፣ አማኑኤል የተዛወረበት ቦታ ደረስንና ካርድ ለማውጣት ተሰለፍን። ከሐጂ ኋላ እኔና ዒምራን ነን። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ቅን ፊት አላት፤ ሐጂን፣ ሻሹን፣ ዕድሜውን አየችና አዘነችለት። ወደ መስኮቱ ተጠጋች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ምን ብዬ ልጻፍልዎ?» አለችው። «ጨጓራ ልበለው? እዚህ ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያስጽፈው።»

የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ዓመታት ሙሉ ደግ የመሰለኝን፣ አዛኝ የመሰለኝን ድምፅ። አፌን ልከፍት ስል ሐጂ ሻሹን ይፈታ ጀመር። ረጅም ሻሽ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ለማለቅ ጊዜ ወሰደ። ሰልፉ ሁሉ ያየዋል።

«ጨጓራዬ ደኅና ነው» አላት። «ጥርሴም ደኅና ነው፤ አንድም አልጎደለ። ከጦርነቱ ወዲህ አእምሮዬን ታምሜ ነው። እሱን ጻፊ።»

ልጅቷ ወደ መዝገቡ ጎንበስ ብላ ጻፈች። «አስታማሚ አለዎት?»

ሐጂ በድረዲን ዞረና የዒምራንን ክንድ ይዞ ወደ መስኮቱ ሳበው።

«አለኝ እንጂ» አለ። «ይኸው፣ አማቼ።»